ዊስቲን ቁልፉን ያስገባ ዕለት

በእኛ መንደር የቤት ቁልፍ ቀኑን ሙሉ በውጭ በኩል በሩ ላይ ተሰክቶ ይውላል። ባለቤቱ ጠዋት ሲነሣ ይሰካዋል፣ ማታ ሲተኛ ይነቅለዋል። ጎረቤት ሲመጣ ቁልፉን ያዞርና "ቤቶች!" ብሎ ይገባል። በር ላይ ቁልፍ ካልታየ ወይ ቤቱ ሐዘን ገብቶበታል፣ ወይ ባለቤቱ በመርከብ ወደ ትልቁ ደሴት ተሻግሯል ማለት ነው።

ስለዚህ በጥቅምት አንድ ማክሰኞ የዊስቲን በር ያለ ቁልፍ ሲታይ፣ ዊስቲን ግን ከውስጥ ሲያስል ሲሰማ፣ ቁርስ ሳይደርስ ወሬው መንደሩን አዳረሰው። ለእኔ የነገረችኝ በመኪና ዳቦ የምታዞረው ሊበራታ ናት።

"ሰውዬሽን ምን ነካው?" አለችኝ፣ ዳቦዬን ሳትሰጠኝ በእጇ እንደያዘች።

"የእህቴ ባል ነው እንጂ ሰውዬዬ አይደለም።"

"እሱኑ ነው የምልሽ። ቁልፉን አስገብቶታል።"

"ረስቶት ይሆናላ።"

"ስልሳ ስምንት ዓመት ያልረሳውን ዛሬ ረሳው? ሴት አስገብቷል።"

"ዊስቲን?"

"ምን አለበት? ጨው መቼም አይበላሽም።"

ዊስቲንን "ጨዉ" ነው የምንለው። በእኛ ደሴት በጎዞ ሰው በአባቱ ስም ሳይሆን በቤተሰቡ ቅጽል ነው የሚታወቀው፤ የእነሱ ቤተሰብ ደግሞ ባሕሩ ዳር ዐለት ላይ የተፈለፈሉትን የጨው ገንዳዎች ሲጠርግ የኖረ ነው። እሱ ራሱ በልጅነቱ ጨው ጠርጓል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወደ ትልቁ ደሴት የምትመላለሰው መርከብ ላይ ገመድ ጣይ ሆኖ ተቀጠረ፤ ጡረታ እስኪወጣ ያው ገመድ ጣይ ነበር።

ተጠራጣሪነቱ የቆየ ነው። ራዲዮው ባሕሩ ጸጥ ይላል ቢለው ወጥቶ ጣቱን በምራቁ አርሶ ነፋሱን ይሞክራል። ዓሣ ሲገዛ ስንጥቡን ገልጦ ያያል፣ ያሸታል፣ ከዚያ ደግሞ መቼ እንደተያዘ የአጥማጁን ወንድም ሄዶ ይጠይቃል። እህቴ ዶሎራ "ዊስቲን ገነት ቢገባ እንኳ መውጫው በየት ነው ብሎ ሳይጠይቅ አይቀመጥም" ትል ነበር። ቢሆንም ሠላሳ አራት ዓመት አብራው ኖራለች፤ እሷን ግን ተጠራጥሮ አያውቅም።

ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንግዶችን በባሕሩ ዳር በእግር ያዞራል። ደሴቶቹን ይገዙ የነበሩት የጥንት ፈረሰኞች የባሕር ወንበዴ የሚጠብቁበትን ግንብ ያሳያል፤ የጨው ገንዳዎቹን፣ ዐለቱ ውስጥ የተፈለፈሉትን የጥንት መቃብሮች፣ በተረት የምትወሳው ግዙፍ ሴት በራሷ ላይ ተሸክማ አመጣቻቸው የሚባሉትን ድንጋዮች ያሳያል። ግዙፏ ሴት ሕፃን አዝላ ባቄላ እየበላች ነበር አሉ የምትሠራው። እንግዶች "ይህን ሁሉ ድንጋይ በባቄላ ጉልበት?" ብለው ሲስቁበት "ባቄላው የእኛ አገር ባቄላ ነዋ" ይላቸዋል። ሰውም ይወደዋል።

አንዲት ልጅ አለችው፣ ቼንሳ። ትልቁ ደሴት ላይ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ሳቪዮ ለሚባል የቧንቧ ሠራተኛ ታጭታ ለፋሲካ ሊጋቡ ነበር። እዚያ የቤት ኪራይ አይቀመስም። ስለዚህ ዊስቲን ከቤቱ ጀርባ ካለው ማሳ ላይ ሁለት ክፍል ሊሠራላቸው፣ እነሱም መጥተው ከእሱ ጋር ሊኖሩ ተስማሙ። ፈቃዱ ወጣ፣ ድንጋዩ ተራግፎ ተከመረ። ዶሎራ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ዊስቲን ማዕድ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ነበር የሚበላው። ያ ሁለት ክፍል ለእሱ ምን ማለት እንደነበር ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልገኝም።

አሁን የምጽፈውን በጊዜው አላውቅም ነበር፤ ግን ነገሩ እንዲገባ እዚህ ላይ ልናገረው። በመስከረም መጨረሻ ዊስቲን ለአዲሶቹ ክፍሎች የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍር ድጅኖው ወደ ታች ሾለከበት። መሰላል አስገብቶ ወረደ። ክብ የሆነች፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚቆምባት ትንሽ ክፍል ናት፣ ከዐለቱ የተፈለፈለች። በአንደኛው ጎን አጥንት አለ፤ የትልቅ ሰውም የትንሽ ልጅም። አጠገቡ ሦስት የሸክላ ሳህኖች በአፋቸው ተደፍተዋል።

ምን እንደሆነ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለውን የጥንት መቃብር ለሰው ሲያሳይ ኖሯል። ተከትሎ የሚመጣውንም ያውቃል። እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ ለመንግሥት ይነገራል፣ ግንባታው ይቆማል፤ አንዳንዱ ለዓመታት ይቆማል። ስለዚህ በእኛ አገር ጉድጓድ ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ አፉን ይዘጋና ሲሚንቶ ያፈስበታል። በመንደራችን ወለሎች ሥር ምን እንዳለ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ዊስቲንም የጉድጓዱ አፍ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ገጥሞ አፈር መለሰበት። ሳህኖቹን ግን አውጥቶ በፎጣ ጠቅልሎ የማይነድደው የማዕድ ቤቱ ምድጃ ውስጥ አስቀመጣቸው።

በሳምንቱ ኖርበርት መጣ።

ኖርበርት ከትልቁ ደሴት የመጣ፣ ስድሳ ዓመት የሚሆነው፣ ነጭ ባርኔጣ የሚያደርግ ሰው ነው። አደባባዩ ላይ ካለው ቡና ቤት በላይ ክፍል ያዘና ዊስቲንን አስጠራው።

"አሥር ቀን አዙረኝ። ግንቡንም፣ ወደቦቹንም፣ መቃብሮቹንም። መጽሐፍ ላይ የሌለ ነገር ካለ ደግሞ እሱን በተለይ" አለው።

ዊስቲን ይህቺን "በተለይ" አልወደዳትም።

በመጀመሪያው ቀን ግንቡ ላይ ሲወጡ ኖርበርት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል። ጫፍ ሲደርስ ከደረት ኪሱ ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ ጻፈ፤ ዊስቲን አንገቱን ሰገግ ሲያደርግ ደብተሩን ዘጋው። በሁለተኛው ቀን መንገድ ላይ ቆሞ መሬቱን በተረከዙ ረገጥ ረገጥ አደረገ።

"ይኼ መሬት ውስጡ ባዶ ነው?"

"ማን አለህ?"

"ማንም። ክብደት ይችል እንደሆነ ብዬ ነው።"

"የምን ክብደት?"

ኖርበርት ወደ ባሕሩ ተመለከተ። "እንዲያው" አለ።

በሦስተኛው ቀን ከግንቡ ወደ መንደር ሲመለሱ በዊስቲን ማሳ አጥር በኩል አለፉ።

"ከዚህ ካብ ጀርባ ምን አለ?"

"ቁልቋል።"

"ከቁልቋሉስ ጀርባ?"

"ሌላ ቁልቋል።"

"ሰፊ ነው። የማን ማሳ ነው?"

"የሞተ ሰው ነው።"

"ወራሽ የለውም?"

"እሱም ታሟል።"

ኖርበርት ራሱን ነቅንቆ ጻፈ። በማግሥቱ ጠዋት ዊስቲንን ሊጠራው ሲመጣ እንደማንኛውም ሰው ቁልፉን አዙሮ ዘው አለና ማዕድ ቤቱ ደጃፍ፣ ከምድጃው ሁለት እርምጃ ላይ ቆመ። "ጥሩ ትልቅ ምድጃ ነው" አለ። ዊስቲን ቁልፉን ያስገባው ከዚህ በኋላ ነው።

እኔ ሊበራታ በነገረችኝ ዕለት ሄድኩ። በእህቴ በር ላይ ቆሜ አንኳኳሁ። በዕድሜዬ አንኳኩቼበት አላውቅም። ዊስቲን በሩን አንድ ጣት ያህል ከፈተው።

"ብቻሽን ነሽ?"

"ሠራዊት አስከትዬ ልምጣ እንዴ? ክፈት።"

አስገባኝና በሩን መልሶ ቆለፈው። ፊቱ ከስቷል። ምን ሆነህ ነው ስለው ምድጃውን ከፈተና ፎጣዎቹን ገለጠልኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ።

"ሰውዬው ከቅርስ መሥሪያ ቤት ነው" አለኝ። "የሆነ ሰው ጠቁሟል። እየዞረ የሚያዳምጠው መሬቱን ነው።"

"ማን እንደሆነ ጠይቀዋ።"

"መርማሪ ማን ነህ ሲሉት ይናገራል?"

"መርማሪ ካልሆነስ?"

"ካልሆነ ለምን ደብተሩን ይደብቃል?"

ከሰዓት በኋላ እኔው ራሴ ቡና ቤቱ ሄጄ ሻይ አዘዝኩና ኖርበርትን በዓይኔ ተከታተልኩት። አስተናጋጁ ብርጭቆውን ሊያስቀምጥለት ሲጎነበስ ደብተሩን ገለበጠ፤ እጁንም ጫነበት። እኔም አመንኩ። ከዚያ ወዲያ መንደሩን በሙሉ ስመለከት የምፈልገው ጠቋሚውን ሆነ። ሊበራታ ናት? ምነው ሁልጊዜ ከቡና ቤቱ በላይ ያለውን የኖርበርትን መስኮት ቀና ብላ ታያለች? ወይስ ድንጋዩን ያራገፈው ሾፌር? ዊስቲን እኔንም ጠርጥሮኝ እንደነበር ኋላ ነግሮኛል። ለአንድ ቀን ብቻ ነው አለ።

ለቼንሳ ልንገራት ስለው አልሰማኝም። "ሥራ ላይ ናት፣ አታስጨንቂያት" አለ። በስልክ ስትደውል "ጉድጓዱ እንዴት ሆነ?" ትለዋለች፤ "ዐለቱ ጠንካራ ነው" ይላታል።

በዘጠነኛው ቀን የሆነውን ኋላ ከሁለቱም አፍ ሰምቻለሁ፤ ማን ቀድሞ ተቀመጠ በሚለው ብቻ ነው የማይስማሙት። የጨው ገንዳዎቹ ዳር ነው። ዳቦ በቲማቲምና በወይራ ዘይት፣ ትንሽ የበግ አይብም ይዘዋል። ዊስቲን ከዳቦው ቦርሳ ውስጥ ፎጣ አወጣ።

"ኖርበርት፣ ልጅ አለህ?"

"ሁለት።"

"እንግዲያው ይገባሃል። እኔም አንዲት አለችኝ። ሌላ የለኝም።" ፎጣውን ጉልበቱ ላይ አኖረለት። "ይኼን ያዝና ደብተርህን ዝጋው።"

ኖርበርት ፎጣውን ሲገልጠው ትንሿ ሳህን ወጣች። አገላብጦ አያት።

"ምንድን ነው?"

"የምትፈልገው ነገር ነዋ።"

"እኔ የምፈልገው ሽንት ቤት ነው" አለ ኖርበርት።

ዊስቲን ተቀለደብኝ ብሎ ብድግ አለ። ኖርበርትም ግራ ቢገባው ደብተሩን አውጥቶ ሰጠው። ዊስቲን መነጽሩን አድርጎ አነበበ። እንዲህ ይላል፦

"ግንቡ፦ ሃምሳ ሁለት ደረጃ፤ መደገፊያ የለውም፤ እነ ወይዘሮ ኢንስ ታች ይጠብቁ። ጨው ገንዳ፦ ጥላ የለም። ከግንቡ የሚመልሰው መንገድ፦ አውቶቡስ ይችል እንደሆነ አልታወቀም። ከካቡ ጀርባ፦ ቁልቋል (አስጎብኚው እንዳለው)። አውቶቡስ ማቆሚያ የሚሆነው ማሳ፦ ባለቤቱ ሞቷል፣ ወራሹ ታሟል። ሽንት ቤት፦ እስካሁን የለም።"

ለካ ኖርበርት በሰፈሩ ደብር በዓል ከሚጫወቱት ሁለት ተፎካካሪ የሙዚቃ ባንድ ማኅበሮች የአንደኛው ጸሐፊ ነበር። በጸደይ የማኅበሩን ሽማግሌዎችና ባልቴቶች እኛ ደሴት ሊያመጣ መንገድ እያጠና ነው።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?" አለ ዊስቲን።

"የወዲያኛው ማኅበር እንዳይሰማ ነዋ! አምና መንገዳችንን ሰርቀው በሳምንት ቀድመውን ሄዱ። ለአንዱ አስጎብኚ ነገርን፣ አስጎብኚው ለካ እህቱ እዚያ ነው ያገባችው። አንተስ ዘመድህ የት እንዳገባ በምን አውቃለሁ?"

ዊስቲን ሊስቅ ነበር። ግን ኖርበርት ሳህኗን አሁንም እንደያዛት ነው፤ አሁን ደግሞ ምን እንደሆነች እየገባው መጣ። ባርኔጣውን አወለቀ።

"ይቺ ከየት መጣች?"

"ከገበያ።"

"አይመስለኝም።"

ዊስቲን ቀስ ብሎ ወሰዳትና በፎጣው ጠቀለላት። ዳቦውን ሁለቱም አልነኩትም። ኋላ ኖርበርት ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። "እኔ ምንም አላየሁም" አለ። አንድ ቀን ሲቀረው በማግሥቱ መርከብ ሄደ።

እኔ ተገላገልክ ብዬው ነበር። እሱ ግን ባሰበት።

"አላየሁም የሚል ሰው ነው የሚናገረው" አለኝ። "ያላየማ ምን ብሎ ነው አላየሁም የሚለው?"

"ደግ ሰው ነው፣ አይናገርም።"

"ለደግነቱ ነው የምፈራው። ደግ ሰው ኅሊና አለው።"

አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ሆነ። መኪና ባለፈ ቁጥር መጋረጃውን ይገልጣል። ፖስተኛው ደብዳቤ ሲያደርስለት በሩቁ "ከማን ነው?" ይለዋል። ከመርከቡ የሚወርደውን ሰው ለማየት ወደቡ ድረስ ይሄዳል፣ የሚያውቀውም የማያውቀውም ሰው ፊት ያስደነግጠዋል። ቆሞ እንኳ መብላቱን ተወው። አንድ ዓርብ ጠዋት የእሑድ ኮቱን ለብሶ፣ ቅርጫት በክንዱ ይዞ በራፌ ላይ ቆመ።

"የት ልትሄድ ነው?"

"ከተማ። በሰው አፍ ተንጠልጥዬ መኖር አልቻልኩም" አለኝ። "እሱ ከሚናገር እኔው ልናገር።"

ሦስቱን ሳህኖች ይዞ አውቶቡስ ላይ ወጣ።

በማግሥቱ ከቅርስ መሥሪያ ቤቱ አንዲት ወጣት ሴት ግንባሯ ላይ መብራት አስራ መጣች። ወርዳ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ጉልበቷ ሁሉ አፈር ነው።

"ሳህኖቹን ያወጣቸው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"እንዳይሰበሩ" አለ ዊስቲን። "ሲሚንቶ ላፈስበት ነበር።"

ትኩር ብላ አየችውና አንድ ነገር ጻፈች። "ግንባታው ይቆማል፣ አባቴ።"

"ለስንት ጊዜ?"

"አላውቅም። ዋሽቼ አልነግርዎትም።"

ስትሄድ ዊስቲን "ይቺን አምናታለሁ" አለኝ። ከመስከረም ወዲህ ስለማንም እንዲህ ሲል አልሰማሁትም።

ግን ዋናው ገና ነበር። እሑድ ቼንሳ መጣች። በስልክ አልነገራትም፤ ጓሮው ዙሪያውን በገመድ ታጥሮ ስታይ ነው የሰማችው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ወደ ታች ተመለከተች። ሴትዮዋ ያኖረችው ሸራ በከፊል ተገልጦ የትንሿ ልጅ አጥንት ይታያል።

"እዚህ ላይ ነው አልጋዬን ልታደርግ የነበረው?"

"አልጋሽማ እዚያ ጥግ ነው" አለ፣ በጣቱ እያሳየ።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም።

"አባዬ፣ አገሩን በሙሉ ጠረጠርክ። አክስቴን እንኳ ጠረጠርክ። እኔን ግን አንድ ቃል አልጠየቅኸኝም።"

"ምን ብዬ ልጠይቅሽ?"

"'ቼንሳ፣ ከምሠራልሽ ቤት ሥር መቃብር ተገኝቷል፣ ትኖሪበታለሽ ወይ?' በለኝ።"

"ትኖሪበታለሽ?"

"አልኖርበትም!"

"እሱን ነው የፈራሁት" አለ ዊስቲን።

አሥራ አንዱን ቀን፣ ከዚያ በፊት ያለውንም ሁሉ፣ እኔ የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች የሚፈራ መስሎኝ ነበር።

ቼንሳ ሸራውን ጎትታ ሸፈነችው። ከዚያ ገብታ ማዕድ ቤት ተቀመጠች። ዊስቲን ተከትሏት ገባና በሩ ጋ ቆመ።

"የእኛን መኝታ ቤት ውሰጂው" አለ።

"የትኛውን?"

"ትልቁን ነዋ፤ የእኔንና የእናትሽን። እኔ ማዕድ ቤቱ ጎን ያለችው ትበቃኛለች። መርከብ ላይ ከሷ በጠበበ ተኝቻለሁ።"

"ሳቪዮ ያንኮራፋል፣ አባዬ።"

"እኔም አንኮራፋለሁ። የቤቱ ግድግዳ ወፍራም ነው።"

ቼንሳ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ እኔ ዞር አልኩ። ኋላ ወንበር ስባ "ተቀመጥና ብላ" አለችው። ተቀመጠ።

መንደሩ እስካሁን ዊስቲንን ማን እንደጠቆመበት ይመራመራል። ራሱ ሄዶ ተናገረ ስላቸው ይስቁብኛል። "ሰው ራሱን ይጠቁማል?" ትለኛለች ሊበራታ። "አንቺ ታውቂያለሽ፣ ግን ልትነግሪኝ አልፈለግሽም።" አሁን ዳቦዬን ስትሰጠኝ ዓይኔን እያየች ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አልጋውን ከትልቁ መኝታ ቤት አወጣነው። የዶሎራ አልጋ ነው፤ በእሱ ላይ ነው ያረፈችው። እሱ በራስጌው በኩል፣ እኔ በግርጌው በኩል ያዝን። "ቀስ በይ፣ በሩን ትልጪዋለሽ" ሲለኝ "አንተ ነህ ያጣመምከው" ስለው ትንሿ ክፍል አደረስነው።

በዚያው ቅዳሜ ሳቪዮ ሜትር ይዞ መጣና የባዶውን ክፍል ግድግዳ መለካት ጀመረ። ይለካል፣ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል። ዊስቲን ደጃፉ ላይ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲያየው ቆየና ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"ምንድን ነው የሚለካው፣ ይኼ?"

"ሂድና ጠይቀዋ" አልኩት።

ትንሽ አመነታ። ከዚያ ገባና "ምን ልትሠራ ነው?" ሲለው ሰማሁ።

"ቁም ሣጥን" አለ ሳቪዮ። "ብቻዬን አልደርስበት አለኝ። ጫፉን ትይዝልኛለህ?"

ዊስቲን ሜትሩን ተቀብሎ ወደ ወዲያኛው ጥግ ሄደ፤ ጫፉንም በአውራ ጣቱ ግድግዳው ላይ ጫን አድርጎ ያዘለት።